ስምንት ባዶ ቦታ

ሚዶ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የቤቱን ጫማ ሁሉ ከበሩ ሥር በየመጠኑ ደርድራ፣ አንዱ ተረከዝ ከሌላው ወጣ እንዳይል በማስመሪያ ስትለካ አገኛትና፣ «ይቺ ልጅ ሚዶ ናት እንጂ ሰው አይደለችም፤ የነካችውን ሁሉ ታበጥራለች» አለ። ቤቱ ሳቀ። ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ትምህርት ቤት ተከተላት፣ መሥሪያ ቤት ተከተላት፤ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግበት እንኳ የመዝገብ ስሟን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

አባታቸው ግንበኛ ነበር። ቱንቢውን በክር አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ሲያይ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። እሷም ከጎኑ ቆማ ትንፋሿን ትይዛለች። ወንድሟ በዚያ ሰዓት አሸዋው ክምር ላይ ተጋድሞ ያፏጫል። የአንድ እናት ልጆች እንዲህ መለያየታቸው ጎረቤቱን ሁሉ ያስገርም ነበር። ያም ሆኖ ኮምፒውተር ያስተማራት፣ ሥራ ያስገባት፣ ለወግ ያበቃት እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጣት ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ወንድምጋሼ» ነው የምትለው። ከእሷ የሰሙ የመሥሪያ ቤቱ ልጆችም ወንድምጋሼ አሉት፤ እሱም ለሁሉም አቤት ይል ነበር።

መሥሪያ ቤታቸው ከጎማ መሸጫ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ደረጃው ጎማ ጎማ ይሸታል፤ በሞቃት ቀን ሽታው ከሰዎቹ ቀድሞ ይገባል። እዚያ ተቀምጠው ለክሊኒኮችና ለሆስፒታሎች ፕሮግራም ይጽፋሉ፦ የታካሚ ካርድ፣ የመድኃኒት መጋዘን፣ የላቦራቶሪ ውጤት። ሚዶ ከአዲስ ነገር ይልቅ ሌላው የጻፈውን ማስተካከል ይሆንላት ነበር። ኮድ የሚጻፍበትን ፕሮግራም፣ እነሱ ኤዲተር የሚሉትን፣ እንደ ልኳ ልብስ አሰፍታው ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው ተገዝቶ እንደመጣ ሲጠቀምበት፣ እሷ ግን የየመስመሩ አጀማመር፣ የእኩል ይሆናል ምልክቶቹ አሰላለፍ፣ የማስታወሻዎቹ ዓምድ ሁሉ በፈለገችው ልክ እንዲቆም ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ እየጨመረች አሠልጥናው ነበር።

የወንድሟን ኮድ ስታይ ግን ደሟ ይፈላ ነበር።

«እስቲ አሁን ይሄ ኮድ ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?»

«ይሠራል፣ አይሠራም?» ይላታል፣ ቀና ሳይል።

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ዶሮዪቱን ተያት። እንቁላሏን እየጣለች ነው።»

«አንድ ቀን ገብቼ ሳላበጥርልህ አልቀርም።»

«ፋይሌን ነክተሽ፣» ይላታል ጣቱን እያወዛወዘ፣ «አልጋዬን አንጥፈሽ ካልሲዬን እንዳጣሁበት ቀን እንዳታደርጊኝ።»

እውነትም ዝርክርክ ነበር። መስመሩን ወደ ውስጥ መግፋት ሲፈልግ አንዳንዴ ታብ የምትባለዋን ቁልፍ አንዴ ጫን ያደርጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ባዶ ቦታ እየደረደረ ይሄዳል። የእሱ ስክሪን ላይ አንድ ታብ የስምንት ባዶ ቦታ ያህል ስለሚሰፋ ሁለቱም እኩል ሆነው ይታዩታል፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ ይቆጥራቸዋል። በዚያ ላይ የሚጽፍበት አሮጌ የኮድ ቋንቋ ቅንፍ የለውም። የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንዳለ የሚለየው ከግራ ጠርዝ በራቀበት ልክ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የገባ መስመር ከበላዩ ላለው ይታዘዛል፤ ወደ ግራ የተመለሰ ከዚያ ትእዛዝ ነፃ ይወጣል።

ወንድምጋሼ ከጻፋቸው ሁሉ የሚኮራባት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። አንድ ሆስፒታል ውስጥ የኦክስጅኑን ግፊት ሌት ተቀን ትጠብቃለች። ግፊቱ ከወረደ ትመዘግባለች። ሰዓቱ ማታ ከሆነ በተረኛው ቴክኒሻን ማረፊያ ቀይ መብራት ታበራለች። ከዚያ፣ ማታም ይሁን ቀን፣ የተረኛው ስልክ ላይ ትደውላለች። ይኸው ነው። የመጨረሻዋን፣ ደውል የምትለዋን መስመር የጨመራት ቆይቶ ነው፤ ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ፣ እዚያው ባለው ኮምፒውተር ላይ ቆሞ።

ከዚያ ወንድምጋሼ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። አራት ወር እንኳ አልፈጀበትም። መጨረሻ አካባቢ ሚዶ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥለት፣ ልጣጩ ሳይበጠስ እንዲወጣ ስትጠነቀቅ ሲያያት ቆየና ፈገግ አለ።

«አሁንም አልተውሽም።»

«ምኑን?»

«ማበጠሩን።» ትንሽ አረፈ። «ልጄን አደራ። የኦክስጅኗን ፕሮግራምም አደራ። ሌላውን መሥሪያ ቤቱ ያውቅበታል።»

«እሺ ወንድምጋሼ።»

ብርቱካኑን አልበላውም። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ በአሥረኛው ቀን ሥራ ገባች። ሹራቡ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ማንም አላነሣውም፤ እሷም አላነሣችውም። ሰዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር፤ ይህ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ድሮው ማውራት ጀመሩ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ባሰባት። እጇ ሥራ ካልያዘ ሐሳቧ ወደ አልጋው እየሄደ ስላስቸገራት፣ ኤዲተሯ ላይ አዲስ ነገር መሥራት ጀመረች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ኤፍ ዘጠኝ የሚባለው ቁልፍ አንዴ ሲነካ የፋይሉን መስመር ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንዲያስተካክል አደረገችው፦ እኩል ይሆናል የሚለውን ምልክት በአንድ ዓምድ እንዲያቆም፣ ማስታወሻዎቹን በአንድ ሐሳባዊ ክር እንዲያሰልፍ፣ በመስመር መጨረሻ የቀረውን ባዶ ቦታ እንዲጠርግ፣ እያንዳንዷን ታብ ደግሞ ወደ አራት ባዶ ቦታ እንዲለውጥ። አራት የእሷ ልክ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በአራት ነው የጻፈችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የወንድሟን የኦክስጅን ፋይል ከፈተች። የሄደ ሰው ልብስ አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው እንደሚሆነው፣ ሳትቸኩል፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አልፎ አልፎ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ነበሩበት። «ይሄን ሚዶ እንዳታይ» የሚል አንድ ቦታ አለ። አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ኤፍ ዘጠኝን ተጫነች።

ፋይሉ ዓይኗ እያየ ተስተካከለ። መስመሮቹ ከተበተኑበት ተሰብስበው ቀጥ አሉ። ከሞተ ወዲህ እንዲያ ቀልሏት አያውቅም።

ደግሞም ዝም ብላ አልተወችውም። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሆስፒታሉ ድረስ ሄዳ ሞከረችው። መኪና ጠፍቶ ስትደርስ መሽቶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የግፊቱን ቁጥር ለሙከራ ዝቅ አደረገችው፤ ቀዩ መብራት በራ፣ የተረኛው ስልክ ጮኸ። መዝገቡ ላይ «ጽዳት ብቻ፤ የተለወጠ ነገር የለም» ብላ ጽፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በሰባተኛው ወር፣ እሑድ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ ኦክስጅን ቧንቧ አንድ መገጣጠሚያው ላላና ግፊቱ ወረደ። ፕሮግራሙ መዘገበ። ለማንም ግን አልደወለም። ነርሶቹ ነገሩን ሲያውቁት ሃያ ሦስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ሁለት ሰው ሞተ፦ ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ የሆነ ሴትና አንድ ጡረታ የወጣ አናጢ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽራቸውን በግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁት የዕለቱን ተረኛ ቴክኒሻን ነው። ሰውየው ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም።

«ምሳ ላይ ነበርኩ» አለ። «ስልኩ ከፊቴ ነው፤ ከሳህኔ አጠገብ። ቢጮህ ሳህኑ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልጮኸም። እምለው በልጆቼ ነው፣ አልጮኸም።»

የስልኩ መዝገብ ሲታይ እውነቱን ነው። ፋይሉ ተከፈተ። ደውል የሚለው መስመር፣ ማታ ከሆነ በሚለው ሥር ገብቶ ከመብራቱ ትእዛዝ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሰልፏል። ፕሮግራሙ የሚደውለው ማታ ብቻ ነበር ማለት ነው። የፋይሉ አናት ላይ የጸሐፊው ስም አለ፤ የወንድምጋሼ። ከእሱ ወዲህ የነካችው ሚዶ ብቻ ናት፤ እሷም ያደረገችው ጽዳት ብቻ መሆኑ ተጽፏል። የሆነ ሆኖ ይጣራ ተብሎ፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን ፋይል የሚያነጻጽር ፕሮግራም ተከፈተ። «ልዩነት የለም» አለ።

የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ተነፈሰ። «ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ ትንሽ ዝርክርክ ነበር» አለ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ሚዶም ደፋች። ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣት ይኼ ነው፤ ያን ዕለት እሷም አምና ነበር። ወንድምጋሼ ዝርክርክ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ወሬ እግር አያጣም፤ በሁለተኛው ቀን የወንድሟ ሚስት ቤት ደረሰ።

የወንድሟ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ እቤቷ መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ትሠራለች። ሚዶ «እትዬ» ነው የምትላት። ቅዳሜ ከሰዓት ልትጠይቃት ስትሄድ መኪናው ተከድኗል። ወለሉ ላይ የወንድሟ ሱሪና ሸሚዝ በሦስት ከረጢት ተሞልቶ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ እትዬ?»

«ላወጣው ነው።»

«ለዓመት ይቆይ አላልሽም ነበር?»

«ብዬ ነበር።» ሴትዮዋ ከረጢቱን በጉልበቷ ተጭና ቋጠረችው። «ትናንት አንዲት ደንበኛዬ መጥታ ጨርቄን መልሺልኝ አለችኝ። ቆርጬዋለሁ እኮ አልኳት። የተቆረጠውንም ቢሆን ስጪኝ አለች። ለካ የዚያች የአራሷ አክስት ናት። ምን ልበላት? ጠቅልዬ ሰጠኋት።»

የወንድሟ ልጅ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት፤ የምትለማመደው እዚያው ሆስፒታል ነው። ከሰኞ ጀምሮ አልሄደችም።

«የኔ እመቤት፣ ለምን ቀረሽ?» አለቻት ሚዶ።

«አክስቴ፣ እንዴት ልሂድ? ስም ጠሪዋ የአባቴን ስም ስትጠራ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዷማ፣ 'አንቺ ደግሞ ስልክ ትደውያለሽ ወይስ እንደ አባትሽ ነሽ?' አለችኝ። ሳቁ።»

«ትምህርትሽን ልታቋርጪ ነው?»

«ሌላ ቦታ ካልተቀበሉኝ፣ አዎ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንባ የላትም፤ ፊቷ ደርቋል። «እኔን የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ሚዶ? መቃብሩ ድረስ ሄጄ ሰደብኩት። ቆሜ፣ ሰው እያየኝ። እንዲህ አድርገህ ጥለኸን ትሄዳለህ? አልኩት። ያ ሁሉ ጉራስ የት ደረሰ? ትዝ ይልሻል፣ ይቺ ልጅ ምዝገባዋን የጨረሰች ቀን? ምሳ ላይ ነን። ፀሐይዋ እንዲህ አናት ስትበሳ። የድሮው ቴክኒሻን ደወለለት። 'ፕሮግራምህ ጠራችኝ፤ ደርሼ የሚያፈስሰውን ዘጋሁት' አለው። እሱ ሰውዬ ማንኪያውን እንደያዘ ተነሥቶ ይህን ወለል አዳረሰው። ደወለች፣ ደወለች፣ እያለ። አሁን ደግሞ ቀን ቀን አትደውልም ነበር ይላሉ። የቱን ልመን?»

ሚዶ የያዘችውን ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው።

«ምሳ ላይ ነበር አልሽ?»

«ምሳ ላይ ነበር። ሳህኑ ሳይነሣ።»

«በኋላ ቀይሮት ይሆናላ» አለች ልጅቷ፣ ደክሟት።

አልቀየረውም። ሚዶ መዝገቡን በልቧ ታውቀዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ፋይል የነካ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ቢሮ ገባች። የወንድሟ አሮጌ ኮምፒውተር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ከቁም ሣጥኑ የድሮውን ቅጂ የያዘውን ዲስክ አወጣችና እዚያው ላይ ከፈተችው። እሱ እንደሚያየው አየችው፤ ታብ ስምንት ሆና። መዝግብ፣ ማታ ከሆነ፣ በመካከሉ ገባ ብሎ መብራቱን አብራ፣ ከዚያ ወደ ግራ ተመልሶ ደውል። ሁሉም በየቦታው ነው። ከዚያ ጠቋሚዋን በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ አድርጋ በቀስት ቁልፉ እየገፋች ቆጠረች። ሌሎቹ መስመሮች የተገፉት በታብ ነው፤ አንዴ ሲነካ ዘልሎ ያልፋል። ደውል የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ጠቋሚው አልዘለለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሄደ። ስምንት። ሆስፒታሉ ውስጥ ቆሞ፣ በሰው ኪቦርድ፣ አንድ በአንድ ያስቀመጣቸው ስምንት ባዶ ቦታዎች።

የእሷ ኤፍ ዘጠኝ ታቦቹን ሁሉ ወደ አራት ሲያሳጥር ሌሎቹ መስመሮች ወደ ግራ ተሰበሰቡ። ይህ መስመር ታብ ስላልነበረበት ስምንቱን ይዞ ባለበት ቆመ። ታብ ሁለት ጊዜ ተነክቶበት የነበረው የመብራቱ ትእዛዝም ስምንት ላይ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ደውል ማታ ሥር ገባ። ኮምፒውተሩ አላጉረመረመም፤ ዓይንም አላጉረመረመም፤ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነገር ምን እንከን ይወጣለታል። እሷ ደግሞ የሞከረችው ማታ ነው።

አነጻጻሪው ፕሮግራም ለምን ዝም እንዳለም ገባት። ከሁለት ዓመት በፊት ባልደረቦቿ «አንቺ ባበጠርሽ ቁጥር ስክሪኑ ሁሉ ቀልቶ ምኑም አይታየንም» ብለው ሲያማርሩ፣ ባዶ ቦታን ከቁጥር እንዳያስገባ ያዘዘችው ራሷ ናት።

ጎማ ሻጮቹ ሱቃቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሣችም።

ኃላፊው እንደገባ በሩን ዘግታ ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ አስደገማት፤ በሁለተኛው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለአንተ።»

«ተይው እንግዲህ።»

«ምኑን?»

«ሚዶ፣ ስሚኝ። እሱ አርፏል። የሚጠይቀው የለም፣ የሚያስረው የለም። ኮሚቴው ሐሙስ ሪፖርቱን ይጽፋል፣ ዶሴው ይዘጋል። አንቺ ግን አለሽ። ይሄ ቢሮ አለ። አምስት ሰው እዚህ እንጀራው አለ።»

«ልጁ እዚያ ነው የምትማረው።»

«ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች።»

«እናቷ መቃብር ላይ ቆማ ሰድባዋለች።»

ኃላፊው በእጁ ፊቱን ጠረገ። «ባዶ ቦታ እኮ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «አንድ ፊደል እንኳ አልነካሽም። ባዶ ቦታ።»

«አዎ» አለች።

«ሐሙስ ከሄድሽ እኔ ከጎንሽ ልቆም አልችልም። አሁኑኑ ልንገርሽ።»

«አውቃለሁ።»

እስከ ሐሙስ ያሉትን ሦስት ቀናት እንደ ወትሮው ሠራች። አልፈራሁም ብትል ውሸት ይሆናል። ረቡዕ ለት አሞኛል ብላ ለመቅረት የስልኩን መያዣ አንሥታ ነበር። ማን አየ? ማን ያውቃል? ወንድምጋሼ ራሱ ቢኖር፣ «ተዪው ሚዶ፣ እኔ ላይ ይቅር» ባላት ነበር። እንደሚላት እርግጠኛ ስለነበረች ነው መያዣውን መልሳ ያስቀመጠችው።

ኮሚቴው ፊት ቆማ ያገኘችውን ተናገረች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አውርደው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ምንም አይታየኝም። ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«ባዶ ቦታ እንዳይቆጥር አድርጌው ነው ጌታዬ። አሁን ይቁጠር።» አንድ ቁልፍ ነካች። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀላ።

«ሁሉም ተለውጧል እንዴ?»

«ሁሉም ተለውጧል። ሰው የገደለው አንዱ ነው።» ጠቋሚውን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አስቀመጠችና ቆጠረችላቸው፤ ጮክ ብላ፣ እስከ ስምንት።

ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ቴክኒሻን ተነሥቶ ወጣ። በሩን አላጋጨም።

«ልብ በይ፣» አሉ ሰብሳቢው፣ «የወንድምሽን ስም አውጥተሽ የራስሽን እያስገባሽ ነው። ጉዳዩ እዚህ አይቆምም፤ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ገብቶኛል።»

«ለምን ቀን ላይ አልሞከርሽውም?»

ለዚህ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ መኪና ጠፍቶ ነው ልትል ነበር። እዚያ ስትደርስ ግን ነውር ሆነባት። «ስላማረ ነው» አለች። «አምሮ ሳየው፣ ደህና መሰለኝ።»

ሪፖርቱ ታረመ። የወንድምጋሼ ስም ወጣ፣ የመዝገብ ስሟ ገባ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ሙሉ ስሟን የጠራው በዚህ ነው። ዓርብ ጠዋት ከሥራ የታገደችበት ደብዳቤ ደረሳት። ቁልፍ ስትመልስ ባልደረቦቿ ስክሪናቸው ውስጥ ገብተው ነበር። ኃላፊው እስከ ደረጃው ሸኛት፤ የሚለው ጠፍቶት፣ «ደረጃው ያዳልጣል» አላት።

ከዚያ በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ፈልጋ ነበር፤ ግን ቀድሟት ደርሷል። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች፤ ግቢ አላለቻትም፤ አትግቢም አላለችም።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ሳላውቅ። ግን እኔ።»

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ከውስጥ ከረጢቶቹ አይታዩም። «ልብሱን ማክሰኞ ሰጠሁት» አለች። «ሁሉንም። አንድ ሸሚዝ እንኳ አላስቀረሁም።»

ሚዶ ከረጢቶቹ የነበሩበትን ወለል አየች።

«ስሙን መለስሽልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የተናገርኩትን ግን ማን ይመልስልኛል? እሱ ምኑንም አያውቅም፤ ተኝቶ ነው የሰደብኩት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን አልችልሽም ሚዶ። አልጠላሽም። ግን አልችልሽም። ሂጂልኝ።»

«እሺ እትዬ።»

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ሚዶ ቤት መጣች። ዩኒፎርሟን በላስቲክ ይዛለች፤ እናቷ እንዳታይ ይሁን ለሌላ አልተናገረችም። ተቀመጠች። ሚዶ ውኃ አቀረበችላት። ልጅቷ ጠጣችና ብርጭቆውን በእጇ ታሽከረክር ጀመር።

«ነገ ልገባ ነው» አለች።

«ጥሩ አደረግሽ።»

«የልምምዱ ኃላፊ ደውላልኝ ነበር። የአባትሽ ጥፋት አይደለም ተብሏል፣ ነይ አለችኝ። ተማሪዎቹም ሰምተዋል።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ግን ይጠይቁኛል አክስቴ። የማን ጥፋት ነው ታዲያ? ይሉኛል። ሳያገኙት አይተዉም።»

«ይጠይቁሽ።»

«ምን ልበላቸው? አላውቃትም ልበል? የቢሮ ሰው ናት ብል ማን ያውቃል? ካንቺ ጋር አብረን ያየን የለም።»

ሚዶ ልጅቷን አየቻት፤ የወንድሟን አገጭ፣ የወንድሟን ተቁነጥናጭ እጅ። ለልጅቷ የሚቀልላት ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት ማንኛውንም ነገር ባለቻት ነበር።

«አክስቴ ናት በያቸው» አለች።

«ይከብደኛል።»

«ይከብዳል። አንዴ ዋሽተሽ ኋላ ቢያውቁብሽ ደግሞ ይብሳል። አክስቴ ናት፣ ታላቅ ወንድሟን፣ አባቴን፣ ለማክበር ብላ ነው ፋይሉን የነካችው፣ ሁለት ሰው ሞተ፤ ይኸው ነው፤ ሌላ አትጨምሪ።»

ልጅቷ ላስቲኩን አንሥታ፣ ሳትስማት፣ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አክስቴ ናት» አለች፣ ወደ ውጭ ዞራ፣ ሰው እንደሚለማመደው። ሁለተኛ ጊዜ ስትለው ድምፅዋ ትንሽ ጠነከረ። ከዚያ ደረጃውን ወረደች።